ሰበታ ያለ ፎቶ ቤት ወደ ፉል ፍሬም ካሜራ ይሻገር ወይስ ይቆይ? የአንድ ውሳኔ ጥናት

ፎቶ ቤቱ ሰበታ ከተማ፣ ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ ይገኛል። ባለቤቱና አንድ ረዳት ይሠሩበታል። በአዘቦት ቀን ሥራው ጉርድ ፎቶ፣ ላሚኔሽንና ኮፒ ሲሆን ቅዳሜና እሁድ ሰርግ፣ መልስና ክርስትና ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ምርቃት ይጨመራል። የቤት ኪራዩን የሚሸፍነው ጉርድ ፎቶው ነው፤ ዕቃ የሚገዛው ግን ሰርጉ ነው። ሰርግ ደግሞ ወቅት አለው። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት። በጾሙ ወራት ሰርግ ስለማይኖር፣ ለዕቃ የወጣ ገንዘብ የሚመለሰው በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።

ያለው ዕቃ ይህ ነው፦ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ካነን 700ዲ፣ አብሮት የመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ኪት ሌንስ፣ አንድ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ (የኤፍ ቁጥር ባነሰ ቁጥር ሌንሱ ሰፋ ብሎ ይከፈታል፣ ብዙ ብርሃንም ያስገባል)፣ ካሜራው አናት ላይ የሚሰካ አንድ ዮንግኑኦ ፍላሽ። ኅዳር ማለቂያ ላይ ያገለገለ ካነን 6ዲ፣ ማለትም ፉል ፍሬም (ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ከ700ዲው የሚተልቅ) ካሜራ፣ ከ24 እስከ 105 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4 ሌንሱ ጋር ለሽያጭ ቀረበለት። የተጠየቀው ዋጋ ለአንድ ሰርግ ከሚቀበለው ክፍያ ስድስት እጥፍ ገደማ ነበር፤ ግማሹን ተበድሮ ነው የሚሞላው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ካሜራ በብር ሲታይ እየራቀ ስለሄደ፣ "ዛሬ ካልያዝኩት ነገ አልደርስበትም" የሚለው ስጋቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም።

ለመግዛት የገፋፉት ሦስት ቅሬታዎች ናቸው። ድንኳን ውስጥ የተነሱት ፎቶዎች ግሬን (አሸዋ መሰል ነጠብጣብ) ይበዛባቸዋል፣ ብዙዎቹ ብለር (የደበዘዙ) ናቸው፣ ሙሽሮቹም "ጀርባው ጥፍት የሚልበት" ፎቶ ይጠይቃሉ። አንዲት የሙሽራ እናት አልበሙን ገልጠው ያሉት ግን ከሦስቱም ይልቅ ወደ ችግሩ የቀረበ ነበር፦ "ልጄ፣ ቀሚሱማ አምሮባታል፤ ፊቷ ግን ለምን ጠቆረ?"

በመጀመሪያ የተፈተሸው ፋይሉ ነው

ካሜራ መቀየር እንደሚያስፈልግ የሚናገረው የሰው ወሬ ሳይሆን ፎቶው ራሱ ይዞት የሚመጣው መረጃ (ሜታዳታ) ነው። ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ባለፈው ወቅት የተነሱት ሰርጎች ተከፈቱና፣ ኤዲት ላይ የተጣሉትና ደንበኛ የመለሳቸው ብቻ ተለዩ። ከዚያ ላይብረሪ ውስጥ ባለው የሜታዳታ ማጣሪያ በሌንስ፣ በፎካል ርዝመት (ሌንሱ በሚያቀርብበት ሚሊ ሜትር)፣ በአፐርቸር (በሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ በኤፍ ቁጥር)፣ በሹተር (ብርሃን በሚገባበት የሰከንድ ክፍልፋይ) እና በአይኤስኦ (ካሜራው ብርሃኑን በሚያጎላበት መጠን) ተደረደሩ። ይህን ማንም ባለካሜራ በአንድ ከሰዓት ሊጨርሰው ይችላል፤ ሳይሠሩት ስለ አዲስ ካሜራ ማውራት ግን በጭፍን መገመት ነው።

የተጣሉት ፎቶዎች በብዛት አንድ ቦታ ተከማችተው ተገኙ። ኪት ሌንሱ 55 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ኤፍ 5.6፣ ሹተር 1/60፣ አይኤስኦ 6400። 50ው ኤፍ 1.8 ሌንስ ከስቱዲዮ ውጭ የተነካበት ጊዜ ኢምንት ነው፤ ድግስ መሀል ሌንስ መቀየር ስለሚያስቸግር ቦርሳ ውስጥ ይቀራል።

ከእነዚህ አንዱን ፎቶ በቅርበት እንየው። ኬክ ሲቆረስ ነው። ሙሽራው እጁን አንስቶ ሊያጎርሳት ነው፤ የሙሽራይቱ ዓይን ጥርት ብሎ ይታያል፣ የሙሽራው እጅ ግን ጭስ ይመስላል። ስለዚህ ፎከሱ አልሳተም፣ የካሜራ አያያዙም ደህና ነበር፤ ያጠፋው ቀርፋፋው ሹተር ነው። 1/60 የሚንቀሳቀስን እጅ አያስቆምም፣ ቢያንስ 1/125 ያስፈልጋል። ቀሚሷ ነጭ የአገር ልብስ ስለሆነና የፎቶውን ግማሽ ስለሚሞላ፣ የካሜራው መለኪያ ነጩን ወደ ግራጫ ሊጎትት ሲል ብርሃኑን ቀንሶታል። ፊቷ ጠቆረ። ኤዲት ላይ ፊቱ በአንድ ስቶፕ ከፍ ተደረገ፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ነው፤ ያን ጊዜ ጨለማው ውስጥ ተደብቆ የነበረው ግሬን ሁሉ ወጣ። ባለቤቱ "ሴንሰሩ አርጅቷል" ብሎ ያሰበው ይህን ግሬን አይቶ ነው። ሆኖም ያው ሴንሰር፣ በዚያው አይኤስኦ፣ መጀመሪያውኑ በቂ ብርሃን ቢያገኝ ኖሮ ግሬኑ በእጅጉ ባነሰ ነበር።

ሌላው የጎዳው ፍላሹ ነው። ፍላሹ ወደ ላይ ዞሮ ይተኮሳል፤ ጣሪያው ግን ብርቱካናማና ወይን ጠጅ የድንኳን ጨርቅ ነው። ባለቀለም ጨርቅ ብርሃኑን ይውጣል፣ የሚመልሰውንም የራሱን ቀለም ቀብቶ ነው የሚመልሰው። ፊት ብርቱካናማ የሆነው ለዚህ ነው። ይህን የትኛውም ፉል ፍሬም ካሜራ አያስተካክለውም።

ሂሳቡ

የፉል ፍሬም ሴንሰር መጠን 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የ700ዲ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር። በቆዳ ስፋት ሲሰላ ትልቁ የትንሹ 2.6 እጥፍ ይሆናል፤ ይህ ወደ ስቶፕ ሲቀየር አንድ ከሲሶ ገደማ ነው። በቀላል አነጋገር፣ ቴክኖሎጂያቸው ተቀራራቢ ከሆነ፣ ትንሹ ሴንሰር አይኤስኦ 1600 ላይ የሚያሳየውን ግሬን ትልቁ 4000 አካባቢ ላይ ያሳያል። እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም።

ነገር ግን ሌንስም በስቶፕ ይቆጠራል። ኪት ሌንሱ 55 ላይ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ለትንሽ ሴንሰር የተሠራ ከ17 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ (ሲግማም ታምሮንም አላቸው) እዚያው ካሜራ ላይ ሲገባ፣ ከ5.6 ወደ 2.8 ድፍን ሁለት ስቶፕ ይገኛል። የቀረበው 6ዲ ከኤፍ 4 ሌንሱ ጋር ደግሞ ከሌንሱ አንድ፣ ከሴንሰሩ አንድ ከሲሶ፣ በድምሩ ሁለት ከሲሶ ስቶፕ ይሰጣል። በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት ሲሶ ስቶፕ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ያገለገለው ኤፍ 2.8 ሌንስ የሚጠየቀው ግን ለ6ዲው ከተጠየቀው ገንዘብ ሩብ ያህሉን ነበር።

ሂሳቡ በሁሉም ርዝመት ላይ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ መናገር ተገቢ ነው። ሰፊው ጫፍ ላይ ኪት ሌንሱ ራሱ እስከ ኤፍ 3.5 ይከፈታል፤ እዚያ ኤፍ 2.8ቱ የሚጨምረው ከግማሽ ስቶፕ ትንሽ ያለፈ ሲሆን 6ዲው ወደ አንድ ስቶፕ ይጠጋል። በዚያ ላይ 24 ሚሊ ሜትር በፉል ፍሬም ላይ ከ17 ሚሊ ሜትር በክሮፕ (በትንሹ ሴንሰር) ላይ ይሰፋል፤ ፉል ፍሬሙ በጎኑ የ700ዲው 1.6 እጥፍ ስለሆነ፣ 17ቱ በ1.6 ሲባዛ 27 ነውና። የሙሽሪት ቤት ሳሎን ጠባብ ሆኖ ዘመድ አዝማድ ሶፋው ላይ ተደርድሮ ሲነሳ ያቺ ሦስት ሚሊ ሜትር የዳር ሰው ታስገባለች። ሆኖም የተጣሉት ፎቶዎች የተከማቹት ሰፊው ጫፍ ላይ አልነበረም።

ስለ ጀርባ መጥፋትም እንዲሁ። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 በ700ዲ ላይ የሚሰጠው ምስል፣ ፉል ፍሬም ላይ 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 2.9 ላይ ሆኖ ከሚሰጠው ጋር ይመጣጠናል። ኤፍ 4 ዙም ያለው ፉል ፍሬም 80 ሚሊ ሜትር ላይ ይህን ያህል ጀርባ አያጠፋም። ደንበኛው የጠየቀው ፎቶ ቦርሳው ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ከአሮጌው ወደ አዲሱ የማይሻገረው

ፉል ፍሬም ሲገዛ ቦዲው (ያለ ሌንስ ካሜራው) ብቻ አይደለም የሚገዛው። ኪት ሌንሱ ለትንሽ ሴንሰር የተሠራ ስለሆነ 6ዲ ላይ አይገጥምም፤ የኋላ ጫፉ ወደ ውስጥ ገባ ስለሚል የትልቁ ካሜራ መስታወት ሊመታው ይችላል፣ ካነንም እንዳይገባ አድርጎ ነው የሠራው። (በኒኮን ለክሮፕ የተሠራው ሌንስ ፉል ፍሬም ላይ ይገባል፤ ግን 24 ሜጋ ፒክስሉ ወደ 10 አካባቢ ይወርዳል።) 50ው ይገጥማል፣ ነገር ግን ለፊት ፎቶ የለመዱት እይታ ይጠፋና 85 ሚሊ ሜትር መግዛት ግድ ይሆናል። ባትሪውና ቻርጀሩም ይለያያሉ። እዚህ ላይ 6ዲ ያሸንፋል፦ በአምራቹ መለኪያ አንድ ቻርጅ 1,090 ፎቶ ያነሳል፣ የ700ዲ ደግሞ 440 ነው። መብራት ሲጠፋ ለሚውልበት ሰፈር ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ፍላሹ ያለ ችግር ይሠራል።

የሚጠፉ ነገሮችም አሉ። የ700ዲ ተገልባጭ ስክሪን 6ዲ ላይ የለም፤ ከሕዝብ በላይ እጅ ዘርግቶ ለማንሳት ያን ስክሪን የለመደ ሰው ይቸገራል። ፎከሱም ሁለት መልክ አለው። 6ዲ 11 የፎከስ ነጥቦች አሉት፤ መሀለኛው በጣም ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ሳይቀር ይይዛል፣ ነገር ግን በሁለቱም አቅጣጫ (በአግድምም በቁልቁልም) የሚያነበው እሱ ብቻ ነው፤ የዳሮቹ ደካማ ናቸው። የ700ዲ ነጥቦች 9 ቢሆኑም ሁሉም በሁለት አቅጣጫ ያነባሉ። ሁለቱም ካሜራዎች የሚቀበሉት አንድ ካርድ ብቻ ነው። ካርድ ሰርግ ላይ ቢበላሽ የሚመለስ ነገር የለም፤ ስለዚህ ትልቅ ገንዘብ ወጥቶ ይህ ስጋት እንዳለ መቅረቱ በእኛ ዓይን የ6ዲው ትልቁ ድክመት ነው።

ለመግዛት የሚከራከር አንድ ጠንካራ ነጥብ ነበር። ፎቶ ቤቱ ያለው አንድ ካሜራ ብቻ ነው፤ ሰርግ መሀል ቢቆም ምን ይደረጋል? 6ዲው ቢገዛ 700ዲው ተጠባባቂ ይሆናል። ክርክሩ እውነት ነው፤ ተጠባባቂ ለማግኘት ግን ፉል ፍሬም መሆን የለበትም። ከሌላ ፎቶ አንሺ ጋር ተነጋግሮ የሰርጉን ዕለት ካሜራ መዋዋስ ወይም ርካሽ ያገለገለ ቦዲ መያዝ ለጊዜው ይበቃል።

የቀረበው ካሜራ ፍተሻ

ዋጋው ላይ ከመነጋገር በፊት ዕቃው ተፈተሸ። ያገለገለ ካሜራ ለሚገዛ ሁሉ ቅደም ተከተሉ ይጠቅማል።

የተተኮሰበትን ብዛት ማወቅ ቀዳሚ ነው። የ6ዲ ሹተር የተገመተለት ዕድሜ 100,000 ፎቶ ነው። ካነን ቁጥሩን ፎቶው ፋይል ውስጥ ስለማይጽፈው፣ ካሜራውን በኬብል ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ በሚያነብ ፕሮግራም ነው የሚታየው። ሻጭ "ብዙም አልተነሳበትም" ቢል ኬብል ይዞ መሄድ ነው።

ቀጥሎ አፐርቸሩን ኤፍ 16 ላይ አድርጎ ጥርት ያለ ሰማይ ማንሳት፤ በሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። አቧራ ይጸዳል፣ ቦታውን የማይለቅ ጭረት ግን አይጸዳም። ከዚያ የሌንስ ክዳኑን ዘግቶ 30 ሰከንድ ማንሳት፤ ቀይ፣ ሰማያዊና ነጭ ነጥቦች በብዛት ከታዩ የተቃጠሉ ፒክስሎች ናቸው።

ለፎከስ፣ ማስመሪያ በ45 ዲግሪ አጋድሞ አንዱ ቁጥር ላይ በመሀለኛው ነጥብ መያዝ፣ በሰፊው አፐርቸር ማንሳት። ጥርት ያለው ቁጥር ከተያዘው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከሆነ ፎከሱ ተዛብቷል። 6ዲ ይህን ከሜኑው ለእያንዳንዱ ሌንስ ማስተካከል ይችላል፤ 700ዲ አይችልም።

የ24-105 ኤፍ 4 የመጀመሪያው ትውልድ ሌንስ የሚታወቅ በሽታ አለው። አፐርቸሩን የሚያንቀሳቅሰው ስስ የኬብል ሪባን ዙም ሲወጣ ሲገባ ይታጠፋል፣ በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል፣ ካሜራውም "ኤረር 01" ይላል። ኤፍ 4 ላይ ብቻ ከተሞከረ ችግሩ ላይታይ ይችላል፤ አፐርቸሩ ሙሉ ክፍት ስለሆነ አይንቀሳቀስምና። ስለዚህ ኤፍ 8 እና ኤፍ 11 ላይ፣ በ24፣ በ50 እና በ105፣ ደጋግሞ መተኮስ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ወረቀት ነው። ደረሰኝ ወይም የሻጩ መታወቂያ ቅጂ፣ የካሜራው ሴሪያል ቁጥር ተጽፎበት። የተሰረቀ ዕቃ የገዛ ሰው ካሜራውንም ገንዘቡንም ያጣል።

6ዲው ፍተሻውን በሙሉ አለፈ። ከትንሽ አቧራ በቀር እንከን አልተገኘበትም። ስለዚህ ውሳኔው በዕቃው ጉድለት የሚሳበብ አልነበረም።

የተወሰነው

6ዲው እንዲቀር፣ በምትኩ ያገለገለ ሲግማ 17-50 ኤፍ 2.8፣ ሬዲዮ መቀበያ በውስጣቸው ያለ ሁለት ዮንግኑኦ 560 ማርክ 4 ፍላሽ ከማስነሻቸው ጋር፣ 16 ቻርጅ የሚደረጉ ቀጫጭን (ኤኤ) ባትሪዎች (8 ለሥራ፣ 8 ለመጠባበቂያ) እና አንድ ግራጫ ካርድ እንዲገዙ ተወሰነ። ሁሉም ተደምሮ ከ6ዲው ዋጋ ከግማሽ በታች ነው፤ ብድርም አላስፈለገም።

ድንኳን ውስጥ አሠራሩ ይህን መሰለ። ሁለቱ ፍላሾች በድንኳኑ ሁለት ማዕዘን፣ ቋሚው ላይ ከ2.5 ሜትር በላይ በክላምፕ ይታሰራሉ። መሬት ላይ የሚቆም ስታንድ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ድግስ አይመከርም። ከሙሽሮቹ መቀመጫ ጀርባ ብዙ ጊዜ ነጭ ጨርቅ ስለሚኖር ፍላሾቹ ወደ ነጩ እንዲያጋድሉ ይደረጋል፤ ነጭ ከሌለ ቀጥታ ወደ መድረኩ ሆነው ፊታቸው ላይ ነጭ ማሰራጫ ይለበሳል። ኃይላቸው ከ1/8 እስከ 1/4። ከዚያ በላይ ከሆነ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ዳግም ለመሙላትም ይዘገያል። ካሜራው ኤፍ 2.8፣ ሹተር 1/100፣ አይኤስኦ 1600 ላይ ይቀመጣል። 1/100 የተመረጠው በምክንያት ነው፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፣ ሹተሩ ከዚያ ከፈጠነ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይጋደማል። እንቅስቃሴውን የሚያስቆመው የፍላሹ ብልጭታ ነው። ጄኔሬተር ላይ ከሆነ ኸርዙ ስለሚዋዥቅ አስቀድሞ ሁለት ሦስት ፎቶ ሞክሮ ማየት ይገባል።

ፍላሽ በሌለበት ነጭ የአገር ልብስ ፎቶውን ሲሞላ ኤክስፖዠሩ (ካሜራው የሚወስደው ብርሃን) ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ ወደ ላይ ይደረጋል፤ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ቀኝ ዳር ሳይደፈጠጥ። ከነጭ ቀሚስ ጎን ያለ ጠይም ፊት የሚድነው እዚህ ላይ ነው፣ ኤዲት ላይ አይደለም። ለነጭ ሚዛን (ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን ለማስተካከል) ነጠላ ላይ መለካት ያሳስታል፤ በኬሚካል የነጣ ጨርቅ ወደ ሰማያዊ ያጋድላል። ግራጫ ካርዱ ድንኳኑ ውስጥ አንዴ ይነሳል፣ ኤዲት ላይ ሙሉው ድግስ በእሱ ይስተካከላል። ለዚህ ሮው (ካሜራው ያላስተካከለው ጥሬ ፋይል) ማንሳት ግድ ነው።

በጥር የሆነው

የድንኳኑ ችግር አብዛኛው ተቃለለ። አይኤስኦ 6400 የነበረው ወደ 1600 ወረደ፣ ፊት አልጠቆረም፣ ብለር ቀነሰ። አዲስ ችግርም መጣ። ሲግማው ኤፍ 2.8 ላይ በትንሹ ወደ ፊት ይፎክሳል፤ 700ዲ ማስተካከያ ስለሌለው ለቁም ፎቶ በስክሪኑ በኩል መፎከስ፣ ለድግሱ ደግሞ ኤፍ 3.5 ላይ መሥራት መፍትሔ ሆነ። ሌንሱን ሲገዙ በራስ ካሜራ ላይ መሞከር ያለበት ለዚህ ነው።

ያልተፈታው ተክሊሉ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ገና ሳይነጋ፣ በጧፍና በጥቂት አምፖል ብርሃን ይፈጸማል፤ ፍላሽ አይተኮስም፣ መተኮስም የለበትም። 50ው ሙሉ ተከፍቶ እንኳ አይኤስኦው 6400 ይነካል። እዚህ ላይ ለአንድ ተክሊል ካነን 5ዲ ማርክ 3 ከ85 ኤፍ 1.8 ጋር ተከራይቶ ንጽጽር ተሠራ። ፈተናው ፍትሐዊ ነበር፤ 50 በክሮፕ 80 ስለሚሆን ከ85 ጋር እይታቸው ይቀራረባል፣ አፐርቸራቸውም አንድ ነው፣ የሚለየው ሴንሰሩ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። ፎቶዎቹ በስክሪን ተጎትተው ሳይሆን ታትመው ታዩ፤ ደንበኛ የሚያየው ወረቀት ነውና። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ሲታተም አይኤስኦ 3200 ላይ ማንም አልለየውም። 6400 ላይ፣ 30 በ40 ሲሆን፣ የ700ዲው ጥላ ውስጥ ያሉት የካህናቱ ጥቁር ካባዎች በግሬን ተወረሩ፤ የ5ዲው ንጹሕ ነበሩ።

ስለዚህ ፉል ፍሬም ለዚህ ፎቶ ቤት ዋጋ ያለው ለተክሊል ነው። በዓመት የሚያነሳቸው ተክሊሎች ኪራይ ተደምሮ የቦዲውን ዋጋ እስኪጠጋ ድረስ መከራየት ያዋጣል፤ ለኪራይ ቤቱ የሚያዘውን ማስያዣና ዕቃው ዋዜማውን መወሰድ እንዳለበት ታሳቢ አድርጎ። ኪራዩ ወደዚያ ከተጠጋ የሚፈለገው 6ዲ ሳይሆን ሁለት ካርድ የሚይዘው 5ዲ ማርክ 3 ነው፤ ሹተሩ ለ150,000 የተገመተ ስለሆነ ከ80,000 በታች የተተኮሰበትን መፈለግ፣ ከ85ቱ ጋር አንድ ላይ በጀት መያዝ። አንደኛው ማስገቢያው ሲኤፍ፣ ሁለተኛው ኤስዲ የተባለውን የካርድ ዓይነት ይቀበላል። የኤስዲው ማስገቢያ ቀርፋፋ ስለሆነ በሁለቱም ላይ ሮው ሲጻፍ ካሜራው መተንፈሻ ያጣል፤ ሲኤፉ ላይ ሮው፣ ኤስዲው ላይ ጄፔግ ማድረግ ይሻላል። ሲኤፍ ካርድና ማንበቢያውም ከበጀቱ ውስጥ ይግቡ፤ የፎቶ ቤቱ ላፕቶፕ የሚቀበለው ኤስዲ ብቻ ነው።